ፍቅሬ «አገሩ ገባ» የተባለ ዕለት

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ባለ አንድ በር በሆነች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ወይዘሮ ጀማነሽ ሀይሉ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ ልብስ ሰፉ። መስከረም በተቃረበ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች በእናቶቻቸው እየተጎተቱ እርሳቸው ፊት ይቆሙ ነበር። እርሳቸውም ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው፣ ልጁን ከትከሻው እስከ አንጓው ከለኩ በኋላ፣ እጅጌውን ሁልጊዜ ሁለት ጣት አስረዝመው ይቆርጡታል። «ልጁ ያድጋል፤ ጨርቁ ግን ባለበት ነው» ይሉ ነበር። ለነሐሴ ሃያ አምስት የቀጠሩት ልብስ ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን ተተኩሶ ይጠብቃል፤ አይደርስም ያሉትን ግን ማንም ቢለምናቸው አይቀበሉም። በመምህርነት ዘመኔ ቃሉን የሚያከብር ሰው ጥቂት አይቻለሁ፤ ከጥቂቶቹ አንዷ እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ እኒህ ሴት የዋሹትን ውሸት እዚህ የምጽፈው ስማቸውን ለማጉደፍ አይደለም። ነገሩ እንዳይረሳ የፈለጉት፣ አንድ በአንድም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ሕመሙ የጀመራቸው በእግር እብጠት ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጡ ይውሉ ስለ ነበር ከሥራ ብዛት የመጣ መሰላቸው፤ እግራቸውን በጨው ውኃ እየዘፈዘፉም ሁለት ዓመት አሳለፉ። የደም ግፊት መሆኑ፣ ግፊቱም ኩላሊታቸውን መጨረሱ የታወቀው በ2002 ዓ.ም. አንዲት ልጅ ሲለኩ ሜትሩን እንደ ያዙ ወድቀው ሐኪም ቤት በገቡ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ለሰኞና ለሐሙስ ተሰጠ። ካዛንቺስ ውስጥ፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ማሽን ያለው ክሊኒክ ነበር። ደም ከክንድ በአንድ ቱቦ ይወጣል፤ በማሽኑ ተጣርቶ በሌላ ቱቦ ይመለሳል፤ ይህም አራት ሰዓት ይፈጃል። ሰው ሁሉ «እጥበት» ይለዋል። ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሆን ቢመክሩም የአብዛኛው ሰው አቅም የሚፈቅደው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሁለቱን ቀን ያጓደለ ሰው የጠጣው ውኃ መውጫ አጥቶ ወደ ሳንባው ይሄዳል፤ በደሙ የተጠራቀመውም መርዝ ልቡን ያቆማል።

ወይዘሮ ጀማነሽን በመጀመሪያው ቀን ያስተማራቸው ሐኪም አልነበረም። ሐኪሙ «ፈሳሽ ይቀንሱ» ብሎ አለፈ። ምን ያህል? በምን ተለክቶ? ሲጠማስ ምን ይደረጋል? ይህን የነገሯቸው በአጠገባቸው ባለው ማሽን የሚታጠቡት አቶ ዘርአይ ናቸው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉ፣ ቀጭንና ነገር ዐዋቂ ሰው።

«እመቤቴ፣ ትንሿን ሃይላንድ ይግዙ» አሏቸው። «ጠዋት ይሙሏት። ሻዩም፣ የወጡ መረቅም፣ መድኃኒት የሚውጡበትም ከእርሷ ነው። እርሷ ስታልቅ ቀኑ አለቀ። ከጠማዎት ሎሚ ይላሱ። ሎሚው ካልበቃዎት የሚጠሉትን ሰው ያስቡ፤ ንዴት ጥም ያስረሳል።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ከዚህ የተማሩት ሎሚ መላስን ብቻ አልነበረም። ሐኪም የሚያውቀው ሌላ፣ ሕመምተኛ ለሕመምተኛ የሚነግረው ሌላ መሆኑን ተረዱ። ዓመት ሳይሞላም አዲስ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የሚቀበሉት እርሳቸው ሆኑ። በሽተኛ ጠያቂ ኩላሊቱ ለሞተ ሰው መርዝ የሚሆነውን ብርቱካንና ጭማቂ ይዞ ሲመጣ፣ ሰውየው ሳይቀየም ስጦታውን ለጎረቤት ማሳለፍ እንዴት እንደሚቻል ያስተምራሉ። ሐኪሞች የክንድን ደም ሥሮች አጋጥመው የሠሩትን፣ «ፊስቱላ» የሚባለውን ቦታ፣ በየጠዋቱ በጆሮ ማድመጥ እንደሚገባ ያሳያሉ፤ «እንደ ሩቅ ወፍጮ መጮኽ አለበት፤ ዝም ካለ ሩጪ» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ልብስ ይሰፋሉ። መርፌ የሚገባበት ክንድ ከላይ እስከ ታች መገለጥ ስላለበት ሕመምተኞቹ በብርድ ግማሽ ራቁታቸውን ይቀመጡ ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽ የግራ እጅጌው በስፌቱ በኩል በአምስት ቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ልብስ አወጡ። ለመጣ ሁሉ ይሰጡታል፤ ልኩንም ሳይጠይቁ በዐይናቸው ያውቁታል።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ዙለይካ መጣች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የአንዲት ትንሽ ልጅ እናት ናት። ባሏ ሙሐሲን ለገሃር አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል። ቀድሞ ካዛንቺስ ይኖሩ ነበር፤ ሰፈራቸው ሲፈርስ ግን ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ዙለይካ በመጀመሪያው ቀን ከበሩ አላልፍም አለች። ማሽኑን ፈርታ ብቻ አይደለም፤ በወንዶች ፊት ክንዷን መግለጥ አልፈለገችም።

በሩ አጠገብ ባለው ወንበር የሚታጠበው ፍቅሬ ነበር። ፍቅሬ የምንጃር ልጅ፣ ከለገሃር ሳሪስ የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነበረ፤ መንዳቱን ቢተውም አፉን አልተወውም።

«እኅቴ፣ ምኑ ያስፈራል? ጋራዥ ማለት እኮ ነው!» አላት። «ዘይት ይቀየርልሻል፣ ፊልትሮሽ ይታጠባል፣ ትወጫለሽ። ችግሩ ያለው እኔ ላይ ነው፤ ሞተሬ ከወረደ ቆየ።»

«ለአንተማ ቦሎስ ማን ይሰጥሃል!» አሉ አቶ ዘርአይ ከወዲያ ማዶ።

«እርስዎ ደግሞ በጣልያን ጊዜ የገቡ ነዎት፤ መለዋወጫዎ የለም።»

ዙለይካ ሳታስበው ሳቀች፤ ስቃም ገባች። ወይዘሮ ጀማነሽ በነጠላቸው ከለሏት። በሚቀጥለው ሐሙስ እጅጌው እስከ እጇ አንጓ የሚደርስ፣ መርፌው የሚገባበትን ቦታ ብቻ ገልጦ ሌላውን የሚሸፍን ረጅም ቀሚስ ሰጧት። ልጅቱ ለብሳው እጅጌውን ከፍታ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። «እትዬ፣ እርስዎን አላህ ነው የላከልኝ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐኪሙን ቃል የምትቀበለው ወይዘሮ ጀማነሽ ሲያጸኑላት ብቻ ሆነ። በፍቅሬና በእርሳቸው መካከል ካለው ወንበር በስተቀርም አልቀመጥም ትል ነበር።

ፍቅሬ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ማክሰኞ ሞተ። ለበዓሉ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ እንግዳ አክባሪዎቹ የሰጡትን ጠላና ፍራፍሬ እምቢ ማለት አፈረ። ረቡዕ በዮሴፍ ተቀበረ፤ ወይዘሮ ጀማነሽም ቀብሩ ላይ ቆሙ። ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ነርሷ ሲስተር አምሳለ ጠበቀቻቸው።

«ዙለይካ አልሰማችም። ግፊቷ ሰሞኑን ጥሩ አይደለም፤ ምን እናድርግ?»

«መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። «እስኪሻላት ይቆይ።»

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። በንጋት ይነገራል፤ ሽማግሌዎች ይነግሩታል፤ ባለ ኀዘኑም ብቻውን እንዳይሰማ ወዳጅ ከአጠገቡ ይቀመጣል። መንገደኛ እስኪመለስ፣ አራስ እስክትጠና፣ በሽተኛ እስኪድን ይደበቃል። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ርኅራኄም አለበት። ነገር ግን ሥርዓቱ የታሰበው ለሚድን በሽተኛ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ «እስኪሻላት» የሚባል ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ አልነበረም። የክፍሉ ሰዎች ይህን ሳያስተውሉ በርካታ ዓመት አሳልፈዋል፤ አንድ ሰው ሲሞት «ተራው ተቀየረ»፣ «ልጁ ዘንድ ሄደ» ይባላል፤ ወንበሩም ለሌላ ይሰጣል።

ዙለይካ መርፌው ከገባላት በኋላ ወደ ጎን ዞረች። በፍቅሬ ወንበር የማታውቀው ሰው ተኝቷል።

«ፍቅሬስ? ተራው ተቀየረ እንዴ?»

«አገሩ ገባ» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ዐይናቸውን ከገዛ ክንዳቸው ሳያነሡ።

«ምንጃር? ምንጃር ማሽን አለ እንዴ?»

እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። ውሸት ግን ብቻዋን መኖር አትወድም፤ እኅት ትፈልጋለች።

«የለም። ተሽሎት ነው። አየሩ ተስማማው አሉ።»

«ያለ እጥበት?»

«ያለ እጥበት።»

ዙለይካ ጣራውን እያየች ፈገግ አለች። ሲስተር አምሳለ የማሽኑን ቁጥር የምትጽፍ መስላ ጀርባዋን አዞረች። ከክፍሉ ሲወጡ አቶ ዘርአይ ወይዘሮ ጀማነሽን በደረጃው ላይ ደረሱባቸው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አሉ። «እኛ ግን የሚያድር ጊዜ የለንም፣ ጀማነሽ። ደግሞስ እኔን ወዴት ልትልኩኝ ነው? አገሬ ዐድዋ ሩቅ ነው፤ ቢያንስ በአውሮፕላን አድርጉት!»

ወይዘሮ ጀማነሽ አልሳቁም። «ልጅቱ ደስ ብሏት ዋለች፤ አላዩአትም?» ብለው መለሱ።

አዎን፤ ደስ ብሏት ዋለች። በሚቀጥለው ሰኞ ስለ ምንጃር ጠየቀች፤ ደጋ ነው ወይስ ቆላ? ሐሙስ ደግሞ ለፍቅሬ ብትደውል ስልኩ እንደማይሠራ ተናገረች፤ ወይዘሮ ጀማነሽም «እዚያ ኔትወርክ የለም» አሏት። ሦስተኛዋ እኅት ተወለደች። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ሰኞ ዙለይካ ቀረች፤ ስልኳም ተዘግቷል። ኀዘን ወይም ሰርግ ገጥሟት ይሆናል ተባለ። ሐሙስም ቀረች።

«ከታጠበች ዛሬ ሳምንቷ ነው» አለች ሲስተር አምሳለ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከነገ ማለፏን አላውቅም።»

ከእጥበት የወጣ ሰው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ነው፤ ተኝቶ መዋል አለበት። ወይዘሮ ጀማነሽ ግን በቀጥታ ወደ ጎተራ አመሩ። ያን ጊዜ ለከተማው ባቡር መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ነበር፤ ታክሲው ከመስቀል አደባባይ ወዲያ በአቧራ ውስጥ እየተሽከረከረ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር አንድ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል፤ በላዩ ላይ ፍራሽ ታስሯል። ደረጃውን በየወለሉ እያረፉ ወጡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ዐይናቸው ጨለመባቸውና ግድግዳውን ይዘው ቆዩ።

ዙለይካ ምንጣፍ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል፤ ዐይኖቿ ጠበዋል። በጠረጴዛው ላይ ጠያቂ ያመጣው ጭማቂ ተደርድሯል፤ ሁለቱ ተከፍተዋል። በበሩ አጠገብ የታሰረ ሻንጣ አለ።

«እትዬ! በእግርዎ? ይህን ሁሉ ደረጃ?» አለች፤ በየቃሉ መካከል ትተነፍሳለች። «ሙሐሲን፣ ትራስ ስጣቸው እንጂ!»

«ለምን ቀረሽ?»

«በቃ፣ ነገ እንሄዳለን። ቡታጅራ፣ እናቴ ቤት። ልነግርዎት ነበር፤ ማለቴ... ሲስተር ትከለክለኛለች ብዬ ነው ስልኩን የዘጋሁት። የእኛም አገር አየር እኮ ጥሩ ነው። ፍቅሬን ካዳነ እኔን ለምን አያድነኝም?»

«ትተኛለሽ?»

«ስተኛ ያፍነኛል። ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል አይደል? ኋላ ነው የሚስማማው።»

ሙሐሲን ትራሱን አቀብሎ አጠገባቸው ተንበረከከ። «እኔ አልተዋጠልኝም ነበር፣ እትዬ» አለ። «ግን ሰውየው ድኗል አለችኝ። እትዬ ጀማነሽ ናቸው የነገሩኝ ስትለኝ አፌን ዘጋሁ። እርስዎ አይዋሹማ።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ዙሪያውን ተመለከቱ። ንጋት አልነበረም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሽማግሌ አልነበረም። መርዶውን ለመንገር የቀረው ዋሾው ራሱ ብቻ ነው። የልጅቱን ቀሚስ አዩት፤ ራሳቸው የሰፉት ነው። የግራ እጅጌው ግን አምስቱም ቁልፎች ተነቅለው በነጭ ክር ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ከእንግዲህ አይከፈትም ብላ የወሰነች ሰው ሥራ ነበር።

«ሙሐሲን፣ ከአጠገቧ ተቀመጥ» አሉ።

በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ይህ ትእዛዝ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ሙሐሲን ሄዶ የሚስቱን ትከሻ ያዘ። «ማነው?» አለ።

«ፍቅሬ ነው። አገሩ አልገባም፤ አልተሻለውምም። ሞቷል። ከጥምቀት በኋላ በነበረው ማክሰኞ ሞተ፤ ረቡዕ በዮሴፍ ቀበርነው።»

ዙለይካ አልጮኸችም።

«ረቡዕ ቀብራችሁት፣ ሐሙስ ነው አገሩ ገባ ያሉኝ?»

«አዎን።»

«አየሩስ?»

«አየሩን እኔ ነኝ የጨመርሁት።»

«ኔትወርክ የለም ያሉኝስ?»

«እርሱንም።»

ዙለይካ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደባት። «ከእኛ ጋር ይታጠቡ የነበሩት አባ ገብረሚካኤልስ? ልጃቸው ዘንድ ሄዱ ያላችሁኝ?»

«ሞተዋል።»

«እኔም ስሞት... አገሯ ገባች ልትሉ ነው?»

ወይዘሮ ጀማነሽ መሬት መሬት አላዩም። «እስከ ዛሬ ብትሞቺ ኖሮ እንደዚያ እንል ነበር» አሉ።

«ይውጡልኝ» አለች ዙለይካ። ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ወጡ። ነገር ግን አልሄዱም፤ ለመሄድም ጉልበት አልነበራቸውም። ከአራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሩን ጠበቁ። ከውስጥ የሙሐሲን ድምፅ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ የዙለይካ ግን አይሰማም። ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ ጠይቄአቸው ነበር። «እጅጌው ነው ያሳሰበኝ» አሉኝ። «ስፌቱ ጥሩ ነበር። ከእኔ ነው የተማረችው።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሙሐሲን ሚስቱን አዝሎ ወጣ። በወይዘሮ ጀማነሽ አጠገብ ሲያልፉ ዙለይካ ዐይኗን ጨፍና ነበር፤ ቢሆንም በባሏ ጆሮ የተናገረችው ይሰማል፦

«እርሳቸውን ጥለህ እንዳትሄድ። ግን አያናግሩኝ።»

ፒክአፑ ፍራሹን እንደ ተሸከመ ወደ ቡታጅራ መሄዱ ቀርቶ ወደ ካዛንቺስ ተመለሰ። በባምቢስ በኩል መንገዱ ተዘግቶ ሲቆሙ ሙሐሲን ጥሩምባውን መንፋት አላቋርጥ አለ። ክሊኒኩ ሲደርሱ ስድስቱም ማሽኖች ተይዘው ነበር። የከሰዓቱ ተራ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፤ ሌላ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ዙለይካ ግን ከንፈሯ መጥቆር ጀምሯል።

ወይዘሮ ጀማነሽ የክፍሉ መካከል ላይ ቆሙ። የከሰዓቶቹን ሕመምተኞች ብዙም አያውቋቸውም።

«ይህችን ልጅ እዚህ ያደረሳት ውሸት ነው፤ ውሸቱም የእኔ ነው» አሉ። «የሞተውን ሰው ድኗል ብያት እጥበቱን ተወች። ከእናንተ አንድ ሰው ከሰዓቱ ካልሰጣት አትደርስም። ማንንም ማስገደድ አልችልም።»

ሰዓቱን የሰጠ ሰው መርዙን ይዞ እስከሚቀጥለው ተራ ይቆያል፤ ስለዚህ ዝምታው የሚያስወቅስ አልነበረም። በመጨረሻ በመስኮቱ አጠገብ የነበሩት ለተሚካኤል የሚባሉ ሴት እጃቸውን አነሡ።

«እኔን ንቀሉኝ። ሁለት ኪሎ ውኃ ብቻ ነው ጨምሬ የመጣሁት፤ እስከ ሰኞ እንደ ምንም እሆናለሁ» አሉ። ቀጥለውም ወይዘሮ ጀማነሽን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። «እርስዎ ግን ሴትዮ፣ ሽበትዎን አያፍሩም?»

ማሽኑ እስኪጸዳ ዙለይካን አስቀመጧት። መርፌው እንዳይገባ እጅጌው ተሰፍቷል። ሲስተር አምሳለ መቀስ ስትፈልግ ወይዘሮ ጀማነሽ ከቦርሳቸው ምላጭ አወጡና፣ ጨርቁ ሳይቀደድ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ፈቱት። ዙለይካ አላየቻቸውም፤ እጇን ግን አልሳበችም።

ተረፈች። ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኝታ ወጣች። ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ ወንበሯ ወደ ማዶው ጥግ እንዲዛወር ጠየቀች። ለወይዘሮ ጀማነሽ ሰላምታ አትሰጥም፤ እርሳቸውም አልተጠጓትም። ይቅርታ የሚጠየቀው አንዴ ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅ የተበዳይን ሰላም መንሣት ነው ይሉ ነበር። አምስት አዳዲስ ቁልፎች ግን በወረቀት ጠቅልለው በሙሐሲን በኩል ላኩላት፤ በተነቀሉት ቦታ ተተከሉ።

ሕመምተኞቹንም አንድ ሐሙስ ሰበሰቧቸው። ከእንግዲህ ሰው ሲሞት፣ መርፌ ከመግባቱ በፊት፣ በስሙ ይነገር አሉ፤ እያንዳንዱም እንደ ሃይማኖቱ ይጸልይለት። ሁሉም አልተስማማም። አንድ ነጋዴ «እኔ የምመጣው ለመኖር ነው፤ የሬሳ ቁጥር ለመስማት አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄደ። ሲስተር አምሳለም ፈራች። እውነት ሲነገር ክፍሉ ይከብዳል፤ ቀልድ ይጠፋል፤ ይህን ወይዘሮ ጀማነሽም አልካዱም። ቢሆንም ከውሳኔው አልተመለሱም። በመጋቢትና በሚያዝያ የሞተ አልነበረም፤ ስለዚህ ቃሉ ሳይፈተን ቆየ።

በግንቦት አንድ ሰኞ አቶ ዘርአይ ቀሩ። እሑድ ሌሊት ልባቸው ቆሟል። ሬሳቸው ወደ ዐድዋ እየተጓዘ መሆኑን ወይዘሮ ጀማነሽ ከልጃቸው ሰምተዋል። እኒያን ሰው አራት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ሲያሾፉ ሰምተዋቸዋል፤ የመጀመሪያዋን የውኃ ጠርሙስም ያስገዟቸው እርሳቸው ናቸው። ክፍሉ ገብተው ተቀመጡ፤ አፋቸው ግን አልታዘዝ አለ። ሲስተር አምሳለ ጥጥና መርፌ ይዛ ከመጀመሪያው ወንበር ደረሰች። ስሙ አልተጠራም። ሁሉም ባዶውን ወንበር እያየ ማንም አይጠይቅም።

«አቶ ዘርአይ የት ሄዱ?» አለች ዙለይካ ከማዶው ጥግ።

ከየካቲት ወዲህ ለወይዘሮ ጀማነሽ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነበር። ነርሷም ቆመች። ዙለይካ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ የእጅጌዋን ቁልፎች በሌላው እጇ ይዛ ትጠብቃለች፤ አንዱንም አልከፈተችም።

«ሬሳቸው ወደ አገራቸው እየሄደ ነው» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። «እርሳቸው ግን የትም አልሄዱም። ትናንት ሌሊት ሞተዋል።»

አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ዙለይካ እጆቿን ዘርግታ በዝምታ ዱዓ አደረገች፤ ፊቷንም በመዳፏ አበሰች። ከዚያ ቁልፎቹን ከላይ ወደ ታች ከፈተቻቸው፤ አምስቱንም።

«ሲስተር፣ ሐሙስ ወንበሬን ወደዚያ መልሽልኝ» አለች፤ በአገጯ ወይዘሮ ጀማነሽ የተቀመጡበትን እያመለከተች።